በቁምሽ ያለቀስንልሽ እሁድ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለማኅሌት ምናለ፤ ካለሽበት ቤሩት።

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ምግብ በደንብ ትበያለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ይህን ሁሉ የምደረድረው ለደብዳቤ ወግ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ የእያንዳንዱን መልስ እፈልጋለሁ፣ በተለይ የእንቅልፉን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። እናታችን ደኅና ናት፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ ሌላ የላትም። አባታችንም ደኅና ናቸው፤ ጆሯቸው ከብዷል፣ እሳቸው ግን ሰው ሁሉ ድምፁን ቀነሰ ነው የሚሉት። ባለቤቴ ሰርካለምና ልጆቹ ደኅና ናቸው። በቅሎዋም ደኅና ናት፤ እንግዳ ስለጠፋ ወደ አሸተን ማርያም የምታወጣው ሰው አጥታ ከእኔ ይልቅ እሷ ወፍራለች።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የቤሩት ጓደኛሽ ሂንድ ናት። ለእረፍት መርሳ እናቷ ዘንድ መጥታ፣ የማኅሌትን ቤተሰብ ሳላይ አልመለስም ብላ በጋሸና ዞራ እስከዚህ ድረስ መጣች። ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ሰንብታ ነገ ትመለሳለች። በስልክ ያልነገርኩሽን ነገር በወረቀት የምጽፍልሽ ለሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እናታችን እንዲህ ያለ ነገር ለሕያው ሰው በስልክ አይነገርም ብላ አስምላኛለች። ሁለተኛ፣ እኔ ስልክ ስይዝ ከቀልድ በቀር እንደማይሆንልኝ አንቺም ታውቂዋለሽ።

መስከረም አጋማሽ ላይ የደወልሽልኝን አልረሳሁትም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ደግፈሽ ያነሳሻቸው፣ ደግፈሽ ያስተኛሻቸው አሮጊት ማረፋቸውን ነገርሽኝ። ልጆቻቸው ከቀብር መልስ ክፍሉን ልቀቂ እንዳሉሽ፣ ወደ ሌላ ቤት እንደተዛወርሽም ነገርሽኝ። ከዚያ፣ «ሰውአገኝ፣ ሰው ግን ለምንድን ነው የሚፈጠረው? የሰው ልብስ ሳጥብ የሰው ወለል ስወለውል ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላኝ። እኔ ባልፈጠር ኖሮ ምን ይጎድል ነበር?» አልሽ። እኔስ ምን አልኩ? ሳቅሁ። «ድካም ነው፤ ጸልዪና ተኚ» አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ያ ሳቄ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። መልስ አጥቼ ነበር የሳቅሁት፤ እሱን ግን አንቺ በምን ታውቂዋለሽ?

ከዚያ በኋላ ስልክሽ ዝግ ሆነ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፤ ሁለት ሆነ፤ ሦስተኛውም ገባ። ያልሽኝን ለማንም አልተናገርኩም። እናታችን ግን በየጥዋቱ ደወለች ወይ እያለች ስትጠይቀኝ ፊቴን ታነበው ኖሯል።

እንግዲህ ጥቅምት ዘጠኝ ቀን፣ እሁድ ነው። መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ፤ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ፤ አፍ አውጥቶ ቶሎ የሚናገር የለም። እናታችን ገና ፊቷን ሳትታጠብ በሩን ብትከፍት፣ መሪጌታ ኢያቄም መቋሚያቸውን ተደግፈው ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። እነሱ የመጡት ለሌላ ነው። ጋሸና የሚያስተምር ሙሉሃብት የሚባል ልጅ ትንሿን እህታችንን የአብስራን ጠይቁልኝ ብሎ ልኳቸው፣ አባታችንን ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ ለማግኘት ብለው ነው በማለዳ የደረሱት። እንደሚመጡ የአብስራ ታውቃለች፤ በየትኛው ቀን እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም። እናታችን አራቱን ሽማግሌዎች አየች፣ ዝምታቸውን አየች፣ «ማኅሌቴን!» ብላ ደጃፉ ላይ ተዘረጋች።

አሁን ስሚኝ፣ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ስምሽን ስትጠራ ሲሰሙ መርዶሽ ከእነሱ ቀድሞ የደረሰ መሰላቸው። እኛ ደግሞ መርዶውን ያመጡት እነሱ መሰሉን። የሚያለቅስን ሰው ማን ነገረህ ብሎ የሚጠይቅ በእኛ አገር የለም፤ ነውር ነው። ስለዚህ መሪጌታ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። እኔ ከታች ከቤቴ የእናታችንን ጩኸት ሰምቼ በአንድ እግር ጫማ ሮጥኩ። ማንንም አልጠየቅሁም፤ ሦስት ሳምንት የፈራሁት ነገር ነውና ሳይነግሩኝ አመንኩት። በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እህቴ ለምን ተፈጠርኩ ብላ ስትጠይቀኝ ሳቅሁባት።

የእድራችን የቅሬው ጥሩምባ ተነፋ። ሕዝቡ ከቅዳሴ እንደወጣ በቀጥታ ወደ እኛ ጎረፈ። እናታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ነበረች። ቤቱን ቆርቆሮ ያለበስሽው አንቺ ነሽ አይደል? ልንገርሽ፣ ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ቆርቆሮውን ያነሳ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ከሥሩ ተቀምጠው ነበር እኮ!

እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ታመው በተኙበት ክረምት ማታ ማታ እየሄድሽ ዳዊት ታነቢላቸው እንደነበር ረስቼው ነበር። «ገጽ ትዘልብኝ ነበር» ብለው አለቀሱ። ዳዊቱን እሳቸው በቃላቸው ያውቁታል፤ ወደ ጨዋታሽ ለመመለስ ስትቸኩይ ስንቱን መዝሙር እንደዘለልሽ እየቆጠሩ ዝም ይሉሽ ኖሯል። ለምን ዝም እንዳሉ ሲናገሩ፣ የልጅቷን ድምፅ ፈልጌ ነው እንጂ ዳዊቱንማ ለብቻዬም እደግመዋለሁ አሉ።

አያ ደሳለም መጣ። በድንበር ከተጣላን አራት ዓመት ሆኖታል፤ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። በሩ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ ሲንሰቀሰቅ ሳየው ደነገጥኩ። ሚስቱ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ከተማ ያወረድናት ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንቺ አስራ አምስት ዓመትሽ ነበር። መንገዱን ሙሉ ከጎኗ ሳትለዪ ራሷን ደግፈሽ፣ አተላ ጠጥታ ስለሰከረች ዶሮ ታወሪላት ነበር አለ። ዶሮዋ ስትንገዳገድ፣ አውራ ዶሮውን ስትሳደብ፣ ቆጥ ላይ መውጣት አቅቷት ጉልበቷን ስትረግም። ሴትዮዋ በምጥ መካከል እየሳቀች ደረሰች። የተወለደችው ልጅ ዘንድሮ አስረኛ ክፍል ናት። እኔ እንደማስታውሰው ደግሞ እንዲህ ያለች ዶሮ ኖራን አታውቅም፤ እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ፈጥረሻት ነው።

እናታችን ያደረግሽላትን አንዱንም አልቆጠረችም። ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ መሸፈንሽን፣ ስትሄጂ ግራ እግርሽን ወርወር ማድረግሽን፣ ከሽሮው ድስት ሥር የቀረውን በጣትሽ ጠርገሽ መላስሽን እየጠራች ነው ያለቀሰችው። ሳስበው ይህ ለማን ምን ይጠቅማል? ለማንም። እናታችን አጣሁት ብላ ደረቷን የምትደቃለት ግን እሱን ነበር።

አባታችንን ቤት ውስጥ ባጣቸው፣ በረት ውስጥ የበሬውን ጀርባ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ያን ጊዜ ሸክሙን ብቻዬን መያዝ አቃተኝና ያልሽኝን ሁሉ፣ መሳቄንም ጭምር ነገርኳቸው። ጆሯቸው ከባድ ነውና ሁለት ጊዜ እየጮህኩ መናገር ነበረብኝ፤ እንባዬ እየወረደ እንደ ገበያ ነጋዴ ስጮህ ያየኝ ሰው ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም። ሲሰሙኝ ቆይተው፣ «እኔ እሷን ለምንም አልወለድኳትም» አሉ። «ትረዳኛለች ብዬም፣ ትጦረኛለች ብዬም አይደለም። መጣች፣ ደስ አለኝ። በቃ። ይህን ሳልነግራት ሄደች» ብለው ግንባራቸውን በሬው ላይ ደፉ። አባታችን ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ረፋዱ ላይ የቅሬው ዳኛ ጋሼ ጥሩሰው መዝገባቸውን ይዘው መጡ። መነጽራቸው አሁንም በክር የታሰረው ነው። ስምሽን ጻፉ፣ የአባትሽን ስም ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉ። ከዚያ መርዶውን ያመጣው ማን ነው ብለው ጠየቁ፤ እሱም ይጻፋል። እኛ መሪጌታን አየን፤ መሪጌታ እኛን አዩ። ጋሼ ጥሩሰው እስክሪብቶውን እንዳነሱ ቀሩ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ እኛ እንኳ ለሌላ ጉዳይ ነበር የመጣነው አሉ። ለምን ጉዳይ ሲባሉ የአብስራን በዓይናቸው ፈለጓት፤ እሷ ደግሞ ነጠላዋ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ያን ጊዜ ጉድ ፈላ!

ሂንድ በዚያው ሳምንት መርሳ መግባቷን የአብስራ ሰምታ ነበርና ደወልንላት። እንዴ፣ ከትናንት ወዲያ ከቤሩት ስነሳ አነጋግሬያታለሁ፣ ስልኳ የልብስ ማጠቢያ ውኃ ውስጥ ገብቶባት ነው እንጂ ደኅና ናት፣ ንገሪያቸው ብላኝ እናንተ ጋ ኔትወርክ እምቢ አለኝ አለች። እልልታው ተራራውን አናጋው። እናታችን መሪጌታ እግር ላይ ወድቃ ሳመቻቸው፤ ቀና አለችና ደግሞ ረገመቻቸው። ለለቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ ለሽምግልናው ሆነ። አያ ደሳለ ገብቶ መውጣቱ አሳፍሮት ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ አባታችን ከራሳቸው ሰሃን ዘግነው ሰጡት። አሁን ከብቶቻችን አንድ ላይ ይውላሉ። እማሆይ ደግሞ በቁሟ የተለቀሰላት ዕድሜዋ ይረዝማል ብለውሻል።

ማኅሌትዬ፣ አላታልልሽም። ያ ሁሉ ሰው በየቀኑ ስምሽን እያነሳ አይውልም። አያ ደሳለ ከነጭራሹ አንስቶሽ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰው ሁሉ የሚያጭደው የየራሱ ገብስ አለበት፤ በሕይወት ያለን ሰው ልብ አይልም። ይህን የመሰለ ነገር ለሞተ ሰው እንጂ ለቆመ ሰው አለመንገራችን ክፉ ልማድ ነው። እኔም ከዚያው ነኝ። አስረኛ ክፍል የወደቅሁ ቀን ሰው ሁሉ ሲመክረኝ ሲቆጣኝ፣ አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ባቄላ እየፈለፈልሽ አንድ ቃል ሳትናገሪ አመሸሽ። ያን ቀን አንቺ ባትኖሪ ወዴት እሄድ እንደነበር አላውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አልነገርኩሽም፤ ይኸው አሁን ነገርኩሽ።

ሰው ለምን እንደሚፈጠር ዛሬም አላውቀውም። መሪጌታን ብጠይቃቸው ብዙ ግዕዝ ነገሩኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። አንቺ ባትፈጠሪ ምን ይጎድል እንደነበር ግን አንድ እሁድ ጥዋት ቁጭ ብዬ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስለሳቅሁብሽ ይቅር በይኝ። ያ ሐሳብ ሲመጣብሽ ብቻሽን አትሁኚ፤ ለሂንድ ንገሪያት፣ ለእኔም በማንም ስልክ ይሁን ደውይልኝ። አልስቅም። ዝም ብዬ ባቄላ እፈለፍላለሁ።

የአብስራን ለሙሉሃብት ሰጥተናታል፤ ግን አባታችን እህቷ ሳትመጣ ሠርግ የለም ብለዋል። ሌላም ጣጣ አለብሽ። ጋሼ ጥሩሰው መዝገቡ ላይ የጻፉትን ስምሽን ሰርዙልን ብንላቸው፣ በስልክ ወሬ መዝገብ አይሰረዝም፣ በእግሯ መጥታ ፊቴ ትቁም ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ በቅሬው ዘንድ እስካሁን ሟች ነሽ። እሳቸው ደግሞ ሰማንያን አልፈዋልና አታዘግዪ።

ሰርካለም ናፍቃሻለች፤ የቋጠረችልሽን በሶና ሽሮ ከሂንድ ተቀበዪ። ልጆቼ በስም ብቻ የሚያውቁሽ አክስታቸው የሰከረችውን ዶሮ ወሬ መጥተሽ እንድትጨርሺላቸው ይላሉ። የአብስራ ሁለት ጊዜ ስማሻለች፤ አንዱ የሽማግሌዎቹን መምጣት ስለደበቀች ለይቅርታ ነው። እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ አንድም ቀን ሳልረሳ በጸሎቴ አስባታለሁ፣ የዘለለችውን ግን መጥታ ታንብብልኝ ብለዋል። እናታችን ጉንጭሽን፣ ዓይንሽን፣ ያቺን የምትወረውሪያትን እግርሽንም ስማሻለች። ሂንድንም ስለ እኛ አመስግኚልን።

አባታችን ይኸው አሁን አጠገቤ ተቀምጠው ብዕሬን እያዩ ነው። ያን ቀን በረት ውስጥ ያልኩህን ጻፍክላት ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎን፣ ጽፌዋለሁ አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ጮክ አድርገህ ጻፈው» አሉኝ።

መጣሽ፣ ደስ አላቸው።

ወንድምሽ ሰውአገኝ ምናለ
ላሊበላ፣ ከአሸተን ማርያም ሥር
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.