የልጄን የደም ውጤት በተሳካ ሁኔታ ለከለከለው ፖሊሲ ባለቤት

ለክቡር አቶ ሚደቅሳ
ልደታ ውስጥ ልጄ የተወለደችበት ሆስፒታል የመረጃ ደኅንነት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ እንደምን ሰነበቱ፣ ቤተሰብዎስ፣ ሠራተኞችዎስ፣ ሙቀት እንዳይነካቸው ቀን ከሌት ማቀዝቀዣ የሚነፋላቸው ኮምፒውተሮችዎስ እንዴት ከረሙ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ፣ አላህ ይመስገን፣ አለን። ደህና ያልሆነውን ነገር ደግሞ ከዚህ በታች በቁጥር እየለየሁ አቀርብልዎታለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ እኔን በጠራችሁበት ስብሰባ ላይ አይቻለሁና።

ምናልባት ከረሱኝ፣ እኔ ከሊፋ እባላለሁ፤ አብነት የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። ባለቤቴ ነፊሳ በእናንተ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟንም ኢክላስ አልናት። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ቢጫ ሆነች። ሲስተር ዲንቄ ቢጫው ከልክ ካለፈ ወደ ጭንቅላት ስለሚወጣ ጊዜ አይሰጥም ብላ ከእኩለ ቀን በፊት ደም ወሰደችላት። ውጤቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወጣ፤ ነርሶቹ ዘንድ የደረሰው ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። በመካከሉ ቢጫው የፈለገውን አደረገ፤ ዛሬ ልጄ አትሰማም። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

፩ኛ. ላልተማርኩት ለእኔ ነገሩን በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ማንም ሳያዘው ከጓዳ ሆኖ ቀን ከሌት የሚሠራ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ላቦራቶሪው የጨረሰውን ውጤት እያነሳ ለነርሶቹ ያደርሳል፣ አደገኛ ከሆነም በቀይ ያስጠነቅቃል። እርስዎ ደግሞ በዚህ መልእክተኛ ላይ አስገዳጅ የሚባል ፖሊሲ እንደ ዘበኛ ሾመውበታል። ይህ ዘበኛ ፈቃዱ በደንቡ ካልተጻፈ በቀር የማሽኑ ባለቤት ራሱ ቢለምነው እንኳ ማንንም የትም አያስገባም። እሰይ! እኔ በር ሠሪ ነኝ፤ ጥብቅ ቁልፍ ደስ ይለኛል እንጂ አያስከፋኝም። ብቻ እኔ በር ስገጥም ቤቱ ውስጥ ማን ማን ይኖራል ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተ አዲስ የላቦራቶሪ ማሽን አስገባችሁ፣ ማሽኑም ውጤቱን አዲስ ቦታ ማስቀመጥ ጀመረ፣ መልእክተኛው ወደዚያ ቦታ መግባት ይችላል ብሎ ለዘበኛው የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

፪ኛ. ለጊዜው ስለምትባለዋ ቃልም አመሰግናለሁ። ሠራተኞችዎ ችግሩን ያወቁት ማሽኑ በገባ ሰሞን ነበር። ጎበዞች ናቸውና፣ የጎደለችውን ፈቃድ ደንቡ ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ ዘበኛውን በእጃቸው አስተኙት፤ ለጊዜው። ችግሩ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣና ማሽኑ እንደ አዲስ ሲነሳ፣ ዘበኛው ያ ሁሉ እንቅልፍ ተረስቶት እንደ ድሮው ተኮሳትሮ በሩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ሰው ሮጦ እንደገና ማስተኛት አለበት ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ልደታ ውስጥ ነው! እዚህ መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ሜክሲኮ አንድ ባንክ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ ጊፍቲ የምትባል ጎረቤት አለችን፤ ሄጄ ጠየቅኋት። ከሊፋ፣ ፈቃዷን መጻፍ እኮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ዘበኛውንም ማስተኛት አያስፈልግም ነበር አለችኝ። አላመንኳትም፤ ደግሜ ጠየቅኋት፤ ተቆጣችኝ።

፫ኛ. ስለ አማትዎ ሞት ልባዊ ሐዘኔን እገልጻለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። የልጄ ደም በተወሰደበት ዕለት መላው ክፍልዎ በአንድ ሰርቪስ ተጭኖ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ለቅሶ ሊደርስ ሄዷል። እኔ በዚህ አልፈርድም፤ ከአለቃ ለቅሶ የቀረ ሰው ከአለቃ ዓይን እንደማይቀር ማንም ያውቃል። እኔም ብሆን ሱቄን ዘግቼ እሄድ ነበር። ነገር ግን ዘበኛውን ማስተኛት የሚችሉት ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ለሐዘንተኛ ክብር ሲሉም ስልካቸውን ድምፅ ነስተውታል። መብራት ሄዶ የመጣው ያኔ ነው። መልእክተኛው በሩ ላይ ደረሰ፤ ዘበኛው አላውቅህም አለው። ሲስተር ዲንቄ ውጤቱ ለምን ዘገየ ብላ ደጋግማ ስትደውል ማን ያንሳላት?

የነርሶቹ ስክሪን ምን አለ መሰለዎት? ውጤቱ ገና ነው አለ። ሲስተም የለም ቢል እኮ እናውቅበት ነበር፤ በባንኩም በውኃውም በመብራቱም በዚህ ቃል የሰለጠንን ሕዝብ ነን፣ ሲስተም የለም ሲባል ሰው በእግሩ እንደሚሄድ ማንም አይነግረንም። ገና ነው ሲል ግን፣ መብራት ሄዶ ስለነበር ማሽኑ ዘግይቶ ነው ብለን ሁላችንም ቁጭ አልን። ነፊሳ የስፌቷን ሕመም ይዛ ልጅቷን ታቅፋ እያየችኝ፣ ከሊፋ ደግመህ ጠይቅልኝ ትለኛለች። እኔም ስክሪኑ ጋ እሄዳለሁ፤ ገና ነው። ልጄ መጥባት አቆመች፤ አሁንም ገና ነው። በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ደገፋ ገብተው የልጅቷን ዓይን ገልጠው እንዳዩ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ በደረጃው ሮጠው ወርደው ውጤቱን ከላቦራቶሪው ማሽን ላይ አንብበው መጡ። ፊታቸውን አይቼ ነው ያወቅኩት።

፬ኛ. ለስብሰባው ግብዣ፣ ለታሸገው ውኃና ግድግዳው ላይ ላሳያችሁን ሥዕል ምስጋናዬ የላቀ ነው። የከሸፉ ያልተፈቀዱ ሙከራዎች የሚል አረንጓዴ ሥዕል ነበር፤ በመካከሉ አንድ ዓምድ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ተገትሮ ይታያል። እኔም እንደ ባላገር እጄን አውጥቼ ይህ ረጅሙ ምንድነው ብዬ ጠየቅሁ። ወጣቱ ሠራተኛዎ ዱሬሳ በኩራት፣ በዚያ ቀን ሲስተማችን ከፍተኛ ሙከራ ገጥሞት አንዱም ሳይሳካ ቀርቷል አለኝ። ቀኑን ሳነበው ልጄ የታመመችበት ቀን ነው። ዱሬሳም ጎንበስ ብሎ ኮምፒውተሩን ነካክቶ አየና አንገቱን ደፋ። ያ ሁሉ ሙከራ ያ መልእክተኛ ነበር። ከሰዓቱንና ሌሊቱን ሙሉ፣ ሳይሰለች፣ የልጄን ውጤት አውጥቼ ላድርስ እያለ በሩን ሲያንኳኳ ያደረ እሱ ነው፤ እናንተ ሌባ ብላችሁ ቆጠራችሁት። ወይ ጉድ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀስኩ። እርስዎ ያኔ፣ ፖሊሲው እንደታዘዘው በትክክል ሠርቷል አሉኝ። አልዋሹም፤ ሠርቷል። አዛዡ ማን እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

፭ኛ. ይህችኛዋ አጭር ናት። ባለፈው ሳምንት ለልጄ ማስረጃ ፈልጌ መጥቼ ያቺ ፈቃድ ተጻፈች ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመርቷል፣ ዘበኛው ግን ለጊዜው ተኝቷል ተባልኩ። ክቡር ሆይ፣ እዚያ ፎቅ ላይ ዛሬም የተወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ሰማዩም ደመና ነው፤ መብራቱን እርስዎ ያውቁታል። እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የማላውቃቸው ሰዎች ልጆች ይታዩኛል።

ማንም ከሥራ ይባረርልኝ አልልም፤ ዱሬሳንም አትቆጡብኝ፣ ከእናንተ መካከል ያፈረ እሱ ብቻ ነው። የምለምነው ትንሽ ነው። ለመልእክተኛው የምትገባውን ፈቃድ ጻፉለትና ዘበኛው ነቅቶ ይቁም። ሲከለክልም ከልክያለሁ ብሎ ለነርሶቹ ይናገር፤ ገና ነው ብሎ አይዋሽ። ለቅሶም ሲኖር፣ አይኑርባችሁና፣ አንድ ሰው ወደኋላ ይቅር፤ እሱ በሌላ ቀን ሄዶ ያስተዛዝናል፤ ሐዘንተኛ ይህን አይቀየምም። ኮሚቴው ጊዜ ካነሰው ጊፍቲን ይዤላችሁ ልምጣ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እረፍት ናት።

ጥብቅነትዎን እያደነቅሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሰርቨሮችዎን ከክፉ ሁሉ፣ የሰው ልጆችንም ከሰርቨሮችዎ ይጠብቅልን እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ በመግቢያችሁ ባለው የአስተያየት ሰሌዳ ላይ በራሴ እጅ የለጠፍኩት፣

አክባሪዎ
ከሊፋ፣ የኢክላስ አባት
አብነት፣ ልደታ

ማሳሰቢያ፦ በእኛ ወግ ልጅ እንደተወለደ አባቱ በቀኝ ጆሮው አዛን ያሰማዋል። እኔም ጠጋ ብዬ አሰማኋት፤ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ወደ ድምፄ ዞር አለች፤ ነፊሳ ምስክሬ ናት። ያኔ ትሰማ ነበር። አሁን እናቷ በየማታው እሹሩሩ እያለች ነው የምታስተኛት። ተይ ልበላት ወይስ ትቀጥል? ይህን እንኳ በጽሑፍ ይመልሱልኝ።