በታቢታ አፍ የተናገረችው

ኅዳር 4 ቀን 1973፣ ሐሙስ

የጠዋት ቆጠራ፦ አቡጀዲ አምስት ጣቃ፣ ካኪ ሁለት፣ ቴትሮን አንድ ተኩል። ገበር የለም። አበባማው ፖፕሊን አልቋል። ለገና ሌላ ይምጣ? ይምጣ።

ገበያ ደርቶ ዋለ። ከቱላ የመጡ ሴቶች ሰባት ቀሚስ አዘዙ። ታቢታ ልካቸውን ወስዳ ደብተሯ ላይ ጻፈች። የስፌት መኪናዋን በረንዳዬ ላይ ካስቀመጠች ስድስት ዓመቷ። ጨርቁ የኔ፣ ስፌቱ የሷ። አንድ ቀን ልክ ተሳስታ አታውቅም። የሲዳማ ልጅ ናት፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ተምራለች። እኔ ስድስተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፤ ጽሕፈቷ ከኔ ያምራል።

የልብስ ሰፊዎች ማኅበር በየካቲት ጸሐፊ ይመርጣል። ሁሉም የሚያወራው ስለ ታቢታ ነው። እሷ ዝም ትላለች፤ ግን ትፈልገዋለች፣ ያስታውቃል። ጸሐፊ ደመወዝ አለው፤ ዝናብ የማይገባበት ክፍልም አለው። ለኔስ? ማኅበሩ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው መኖሩ አይከፋም።

ከበኃይሉ ቴሌግራም መጣ። ወንድሜ ከፊልም ሰዎች ጋር ማክሰኞ አዋሳ ይገባል።

ኅዳር 9

መጡ። አንድ ላንድሮቨር፣ አራት ሰው። በኃይሉ፣ ሚስቱ የሺ፣ ካሜራ የሚያነሳውና ሾፌሩ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ፊልም ሊያነሱ ነው። ለፊልሞቹ ድምፅ የምትሰጠው የሺ ናት።

ምሳ ላይ የሺ መንገድ ላይ እንቁላል ልትሸጥላት የመጣችውን የሲዳማ ሴት አስመሰለች። «አንተ ቆንጆ ሴትዮ፣ እኔ እንቁላል አለው፣ ግዛ!» እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። ታቢታ በረንዳ ላይ እየሰፋች ነበር። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆም አለ... ከዚያ ቀጠለ። ሰምታ ይሆን?

ኅዳር 10

በኃይሉ ለፊልሙ ሴት ይፈልጋል። ታቢታን እንዳየ «እሷ!» አለ።

«እሷማ የተማረች ናት።»

«የምፈልገው ፊቷን ነው፣ እትዬ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ተማሪዋ ጠቆር፣ አስተማሪዋ ቀላ ስትል ያምራል።»

«ጠቆር ያለች አስተማሪ አታምርም?»

«አንቺ ደግሞ! ጨርቅ ስትሸጪ ቀለም አትመርጪም?»

ሳቅኩ። መልስ አጥቼ አይደለም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግኩት ልጅ ነው... ሰው ሆኖ ሳየው ደስ ይለኛል።

ታቢታ እንቢ አለች። «ይቅርብኝ፣ እትዬ። የማውቀውን አላውቅም ማለት ምን ይባላል?» ጨዋታ ነው አልኳት። ለመንኳት። በኃይሉ ማለ፦ «ስሟ አይጠራም። መጨረሻው ላይ አቀላጥፋ ስታነብ እናሳያለን፣ በራሷ ድምፅ።» እሱን አላመነችም። «እርስዎ ካሉ እሺ» አለችኝ።

ኅዳር 11

ቀረጹ። ጫማሽን አውልቂ አሏት፣ አወለቀች። ራሷ የሰፋችውን ቀሚስ በአሮጌ ቡሉኮ ሸፈኑት። አስተማሪ የሆነችው ትዕግሥት ናት፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ቀይ ልጅ። ሰሌዳው ላይ «መሃይነት ይጥፋ» ብላ ጻፈች።

ታቢታ ከተቀመጠችበት ቀስ ብላ፣ «‹ም› ጎድሎሻል፣ እህቴ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ትዕግሥትም ስቃ ጨመረችው። ይኼ ፊልሙ ውስጥ ቢገባ እንዴት ባማረ!

ከዚያ በኃይሉ መጽሐፉን ገልብጠሽ ያዢ አላት። ወደኔ ዞር አለች። እሺ በይ ብዬ በዓይኔ ጠቀስኳት። ገልብጣ ያዘች።

መጨረሻ ላይ አነበበች። አንድ ገጽ ሙሉ፣ ምንም ሳትደናቀፍ። በኃይሉ «ግሩም!» አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ታኅሣሥ 20

ፖፕሊኑ ደረሰ። ተሻሙበት። ታቢታ ቀና ሳትል ሰፋች። ስለ ፊልሙ አንስታ አታውቅም። እኔ ግን ጓጉቻለሁ፤ ለደንበኛው ሁሉ አውርቻለሁ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ፊልሙ በከተማው አዳራሽ ታየ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ታቢታ ከጎኔ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ።

መብራቱ ጠፋ። አንድ ወንድ በጎርናና ድምፅ፣ «ታቢታ ትባላለች። እስከ ትናንት የመጽሐፍ ራሱና እግሩ የማይለይላት የገጠር ሴት...» ስሟን ጠራው። የገጠር አላት። ገልብጣ የያዘችው መጽሐፍ ሸራውን ሞላው።

ቀጥሎ ታቢታ ስትናገር ታየች። ከንፈሯ የሚለው ሌላ፣ የሚሰማው ሌላ። «እኔ ዓይን አለው። ግን አታይም ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወንበር የሚደበድብ ነበር።

ድምፁን አወቅኩት። የሺ ናት። ያቺ የእንቁላሏ ሴት... እኔ ቤት፣ እኔ ማዕድ ላይ የተለማመደችው።

ማንበቧን ጠበቅኩ። የለም። ‹ም› ጎደለሽ ያለችውም የለም። ትዕግሥት እጇን ይዛ «ሀ» ስታስጽፋት አለቀ።

መብራት ሲበራ ሰው ዞር ዞር እያለ አያት። አልተነሳችም። «እትዬ፣ ያ ድምፅ የማን ነው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ምን ነካኝ? ማንን ነው የሸፈንኩት... እነሱን ወይስ ራሴን?

ጥር 25

ገበያው ሁሉ «ዓይን አለው!» ይላታል። ተሸካሚው ይላታል፣ ጨው ሻጩ ይላታል። ቅቤ ሻጯ፣ «ነይ፣ ዓይን አለው፣ ቅቤ ልስጥሽ!» አለቻት። ታቢታ ቆም ብላ፣ «ዓይንማ አለኝ። ቅቤሽ ውስጥ የደባለቅሽውን ሙዝ ያያል።» ሴትዮዋ አፏን ያዘች። በረንዳው ስትደርስ ግን ምንም አልሰፋችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዋለች።

ጥር 27

ቴሌ ሄጄ ለበኃይሉ ደወልኩ።

«ማንበቧ የት ገባ?»

«ተቆረጠ፣ እትዬ። የበላዮቹ አዩትና፣ እንዲህ የምታነብ የሲዳማ ሴት ማን ያምናል አሉ።»

«አንተ አይተሃል፣ አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«የሺስ? ታቢታ አፍ የላትም?»

«አማርኛዋ በጣም ጥሩ ሆነብን፤ ከገጠር የመጣች አትመስልም። ደግሞ ሰው መሳቅ አለበት። አንቺ ራስሽ ስቀሽ የለ?»

ዘጋሁበት። እንደ ልጄ እንጂ እንደ ወንድም አላየሁትም ነበር። በኔ ቃል ገብቶ፣ በኔ ቃል ነገደ... እኔ በነጋዴነቴ እንኳ የሰው ቃል ሸጬ አላውቅም። አላውቅም?

የካቲት 8፣ እሑድ

የማኅበሩ ምርጫ። ጨርቅ አቅራቢ ስለሆንኩ ጠርተውኝ ከኋላ ተቀመጥኩ። የታቢታ ስም ተጠቆመ። እጅ ሊወጣ ሲል ሊቀ መንበሩ ጓድ ወንድሙ ተነሳ።

«ጓዶች፣ ይህችን እህታችንን በፊልም አይተናታል። ትናንት ፊደል የቆጠረች ሴት እንዴት አድርጋ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች?»

«ማንበብና መጻፍ ከልጅነቴ ነው የማውቀው» አለች ታቢታ።

«እና የዘመቻው ፊልም ዋሸ ልትይ ነው?»

ማን ይመልሳል ይህንን? ታቢታ ጠረጴዛው ላይ ካለው ጋዜጣ አንዱን አነሳችና ማንበብ ጀመረች። ርእሱን፣ ዓምዱን፣ እስከ ታች። ስትጨርስ ተጨበጨበላት። ተሳካ አልኩ በልቤ።

ጓድ ወንድሙ እጁን አነሳ። «አያችሁ? ዘመቻው በሦስት ወር ምን እንዳፈራ!»

ጭብጨባው ደመቀ። ለካ ለሷ አልነበረም።

«ትበርታ፣ ለከርሞ እናያታለን» ተባለ። ሱሪ ሰፊው ሸዋንግዛው ጸሐፊ ሆነ። የደንበኞቹን ልክ የምትጽፍለት ማን ሆነችና... ታቢታ አይደለችም?

ከመውጣቷ በፊት ዞራ አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። መነሳት ነበረብኝ። ‹ወንድሜ ነው ገልብጠሽ ያዢ ያላት፣ እኔ ነኝ የለመንኳት› ማለት ነበረብኝ። በኃይሉ ከሥራ ይባረራል፣ ምናልባትም ይታሰራል... ማኅበሩም ከኔ ጨርቅ መግዛቱን ይተዋል። አሰላሁ። ማስላት ልማዴ ነው። አስልቼ ሳልጨርስ ስብሰባው ተበተነ።

የካቲት 10

መኪናዋን በጋሪ አስጭና ሄደች። ቱላ፣ እህቷ ዘንድ።

«አኩርፈሽ ነው?» አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!

«የፊልሙ ሰዎች አያውቁኝም፣ እትዬ። የማያውቁትን ሰው እንደፈለጉ ያደርጉታል። እርስዎ ግን ያውቁኛል።»

ገመዱን ራሷ አሰረች።

የካቲት 12

ሦስት ደንበኛ መጥቶ ታቢታ የት አለች ብሎ ሄደ። ጨርቅ አልገዙም።

የካቲት 18

ትናንት ከበኃይሉ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሌላ ፊልም፣ ሐይቁ ዳር። «ሃያ ሰው ፈልጊልኝ፤ ጠቆር ጠቆር ያሉ፣ ጫማ የሌላቸው። ያቺ ታቢታም ትምጣ። ሰው ወዷታል።» ወዷታል! ሁለቴ አነበብኩት። ቅር ያለው አይመስልም። ሰው ሳይሆን ጣቃ ጨርቅ ያዘዘኝ ነው የሚመስለው... ይህን ከማን ተማረ? በቀለም ምረጪ ሲለኝ የሳቅኩት እኔ አይደለሁ?

ዛሬ ጠዋት ቱላ ሄድኩ። ታቢታ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ቁጭ በሉ አለችኝ፤ መኪናዋን ግን አላቆመችም። ለማኅበሩ የምስክርነት ቃሌን ልሰጥ ነው አልኳት።

«አሁን ምን ያደርጋል? ተመርጧል።»

«ምርጫው ይፈርሳል አልልም። መዝገብ ላይ ይግባ።»

«ወንድምዎስ?»

«የሠራውን ያውቃል።»

መኪናው ቆመ። «እርስዎስ?»

«እኔም የሠራሁትን አውቃለሁ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እንግዲያው የሁሉንም ስም ይጻፉ። በኔ አፍ የተናገረችውንም።»

ተመልሰሽ ነይ አላልኳትም። የምልበት አፍ የለኝም። እሷም እመጣለሁ አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ተኩል። ታቢታ ሳውቃት ጀምሮ ማንበብ እንደምትችል፤ በኃይሉ መጽሐፉን እንዳስገለበጣት፤ ድምፁ የወንድሜ ሚስት የየሺ እንደሆነ፤ ለምኜ ያስገባኋት እኔ እንደሆንኩ፤ በስብሰባው ላይ እያወቅኩ ዝም እንዳልኩ። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። የበኃይሉም አባት ስም ያው ነው... እጄ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ።

ለደብዳቤው መልስ አልጻፍኩም።

ነገ፦ ሱቁ እስከ አራት ሰዓት አይከፈትም። መጀመሪያ ታይፕ ቤት፣ በሦስት ኮፒ። ከዚያ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄዶ አንዱን ለጓድ ወንድሙ አስፈርሞ መስጠት።