የሃይላንድ ጸናጽል

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ልጄ አልማዝ ከምትኖርበት ከሳቢያን ሰፈር የልጅ ልጄን መክሊትን ይዛ መጣች። የጎረቤቴ ልጅ አብዲም ገባና ከበሮ እንሥራ አሉኝ። በወተት ቆርቆሮ አፍ ላይ አሮጌ የባጃጅ የውስጥ ጎማ ወጠርን። ማሰሩን ለልጆቹ ተውኩ። የባቡር ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ እጄ አሁን እንደሚንቀጠቀጥ አልማዝ አታውቅም። ካወቀች ቤቴን አዘግታ ሳቢያን ትወስደኛለች። ሚስቴ ያረፈችበትን ቤት ትቼ የልጅ ጥገኛ አልሆንም።

ከዚያ መክሊት ባዶ የውኃ ሃይላንድ ውስጥ በቆሎ ጨምራ፣ "አባባ፣ ያንተ ጸናጽል ይኸው" ብላ አስያዘችኝ። ሳልነቀንቀው ጮኸ።

"አቦ! አባባ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይመታል!" አለ አብዲ። ተሳሳቁ።

አልማዝ ልብስ ስታሰጣ ዞር አለች። "አባዬ፣ እስቲ ዝም አሰኘው።"

"እየተጫወትኩ ነው፣ ምን አገባሽ!" አልኳት። በሁለት እጄ ያዝኩት፣ ባሰበት።

ወደ ልብሱ ተመለሰች። ስትሄድ ግን እጄን ይዛ ቆየች። "ነገ ከባለቤቴ ጋር እንመጣለን" አለች።

ከሄዱ በኋላ በቆሎውን ለዶሮዎቹ በተንኩት። ባዶው ሃይላንድ እጄ ላይ ድምፅ የለውም። ነገ ዝም ማሰኘቴን እንድታይ እሱን ይዤ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ።