ከድር በመስኮት በኩል የነገረኝ

ሰኞ

ዛሬም ከሽንት ቤት በቀር አልተነሳሁም። ሰላሳ አንደኛ ሳምንቴ ነው። ሐኪሟ ባለፈው ሳምንት "እንግዴ ልጁ የማህፀንሽን በር ዘግቶታል። ተኚ። ደም ካየሽ ደቂቃ ሳትቆዪ ነይ" ብላ ሰደደችኝ። ነይ ማለት ቀላል ነው። የቁስቋምን ዳገት አታውቀውም። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን መኪና አይገባም፣ ሐምሌ ነው፣ ድንጋዩ ሁሉ ያንሸራትታል። ቀኑን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ማን ያወርደኛል?

አምና ያጣሁት በአራተኛ ወሩ ነበር። ስለሱ አልጽፍም።

ባሌ ዳዊት ወደሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሲሄድ እንዳልቆዝም ብሎ አሮጌ ላፕቶፑን አልጋው ላይ ትቶልኝ ሄደ። ተማሪ እያለ ጀምሮ ያልጨረሰው ጌም አለበት። ሦስት መንገደኞች፣ አንድ ግንብ፣ ግንቡ ጫፍ ላይ የጨለማው ንጉሥ። እስከ ምሳ አምስት ጊዜ ሞትኩ።

ከመስኮቴ ሥር ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ከድር ሙዚቃውን ሰምቶ ጮኸ። "ሊዲያ! ይሄንን ጌም እኮ ቀጨኔ ጌም ቤት ቁጭ ብዬ ጨርሼዋለሁ!" ሚስቱ ነጃት ከውስጥ "ያኔ ነው ትምህርቱን የጨረሰውም" አለች። ከስንት ቀን በኋላ ሳቅኩ።

ማክሰኞ

ከድር ዕቃ እየመዘነ የነገረኝ፦

ሁለት ቦታ ሴቭ አድርጊ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።
ድልድዩ ላይ ያለውን ሽማግሌ እንዳትመቺው። አናግሪው፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው።
ከሦስቱ መንገደኞች ፈዋሿን ከኋላ አቁሚያት። እሷ ከሞተች በቃ፣ አለቀ።

የሽማግሌው ነገር እውነት ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ብመታውም ቁልፉን አላገኝም ነበር።

ከሰዓት ልብሴ ላይ ነጠብጣብ አየሁ። ቡናማ ናት፣ ምስር ታክላለች። ለዳዊት አልነገርኩትም። ከነገርኩት ሆስፒታል ይወስደኛል፣ እዚያ ከሄድኩ ልጁን ያወጡታል፣ ጊዜው ደግሞ ገና ነው። ልብሱን አጥቤ ትራሱ ሥር ደበቅኩት። እርጥብ ልብስ ትራስ ሥር! ምን ነካኝ?

ረቡዕ

ዝናብ። ጠዋት ልጁ አስር ጊዜ ረገጠኝ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም አለ። በጎኔ ተኛሁ፣ ስኳር በውሃ ጠጣሁ፣ ጸለይኩ። ረገጠ። እንደገና ዝም ሲል እንደገና ፈራሁ።

ንጉሡ ጋ ደረስኩ! ሦስት ጊዜ ገጠምኩት፣ ሦስት ጊዜ ገደለኝ። ለከድር ነገርኩት።

"ስንት የመድኃኒት ጠርሙስ ቀርቶሻል?"
"አርባ።"
"አርባ? ለማን ነው የምታስቀምጪው?"
"ለኋላ ይሆነኛል ብዬ ነዋ።"
"ሊዲያ፣ ከሱ ወዲያ እኮ ኋላ የለም። እኔም ደጋግሜ የተሸነፍኩት እየቆጠብኩ ነው።"

ከዚያ እንደ ቀልድ አድርጌ "አንድ ቀን ብጠራህ ትመጣለህ?" አልኩት። አልሳቀም። "ሶላት ላይ ብሆን ነጃት አለች። ብቻ ጥሪ" አለኝ። የማክሰኞዋን ነጠብጣብ ልነግረው አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት።

አርብ፣ ሆስፒታል

ትናንት ጠዋት አራት ሰዓት ግድም አንሶላው ረጠበ። ሽንት መሰለኝ። ገለጥ ሳደርገው ቀይ ነው።

"ከድር!" ብቻ ነው ያልኩት። ሱቁን ክፍቱን ጥሎ መጣ። የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ እሱ ከፊት፣ ሲሚንቶ ሲያራግፍ የነበረ አንድ የማላውቀው ሰው ከኋላ ተሸከሙኝ። ነጃት ትከሻዬን ይዛ "ወደ ታች አትይ፣ እኔን እይኝ" ትለኛለች። አንድ ቦታ ላይ የከድር እግር ተንሸራተተ፤ ወንበሩ ዘመመ። እኔ "ኢየሱስ!" እሷ "ያ አላህ!" አንድ ላይ ጮኸን። አልወደቅኩም። አስፋልቱ ላይ ያገኙትን ታክሲ አስቆሙ።

አዋላጇ የልጁን የልብ ምት የሚያሰማውን መሣሪያ ሆዴ ላይ እያዟዟረች ብዙ ቆየች። ፊቷን አየዋለሁ፤ አታየኝም። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ እንደ ስፌት መኪና ፈጣን፣ ሳያቋርጥ።

የማክሰኞዋን ለሐኪሟ ተናዘዝኩ። "ያን ቀን ነው መምጣት የነበረብሽ" ብላ ተቆጣችኝ። ከማተሚያ ቤቱ ሮጦ የመጣው ዳዊት ይሰማ ነበር። ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። "ከኔ ለምን ደበቅሽ?" አለኝ። "ፈርቼ" አልኩት።

እሁድ

ደሙ ከቆመ ሁለት ቀን ሆነው። የልጁን ሳንባ የሚያጠነክረውን መርፌ ወግተውኛል። ተመልሶ ከፈሰሰ ግን ኦፕራሲዮን ነው ብለውኛል። በተነፈስኩ ቁጥር አንሶላውን አያለሁ።

ከድርና ነጃት ላፕቶፑን ይዘውልኝ ሊጠይቁኝ መጡ። "ጨርሺውና ተገላገዪ" አለኝ። ሲሄዱ፣ ዳዊት ገና ከቸርች ሳይመለስ፣ ከፈትኩት። አርባውንም ጠርሙስ ጨረስኩት። አንድ አላስቀረሁም። ፈዋሿ ልትሞት ትንሽ ሲቀራት ንጉሡ ወደቀ። ሦስት መስመር ጽሑፍ መጣ፣ ከዚያ ጌሙ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ይኼው ነው! ሳቄ አመለጠኝ፤ ስስቅ ሆዴ ተንቀጠቀጠ፣ ደንግጬ አንሶላውን ገለጥኩ። ደረቅ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሐኪሟ መጣች። ካርዴን እያየች "ሰላሳ አራት ሳምንት ካደረስነው ጥሩ ነው" አለችና ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፈች።

ካደረስነው። ካደረስሽው አላለችም።