ወንድሜን ወደዚህ አትላኪው

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? ታናሼስ በቁመት አልፎኝ ይሆን? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አካሌ ደህና ነው፤ ልቤን ግን አትጠይቂኝ።

ወንድሜን ለሯጮቹ ልምምድ እንዳስገባው ለምነሽኛል። አሰልጣኙም «ይምጣ፣ ሯጭ አደርገዋለሁ» ብሏል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ይህን አንብበሽ ፍረጂ።

አብራኝ የምትተኛውን ልጅ ፌንጣ እንላት ነበር። ከብርድ አገር ገና መምጣቷ ስለነበር ሙቀቱን አልለመደችውም። ባለፈው ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ ስንሮጥ አሰልጣኙን ውሃ ለመነችው። እሱ ግን ጀሪካኑን አንስቶ አሸዋው ላይ ደፋው። «ውሃ የለመደ እግር አያሸንፍም» አለ።

ራሷን አመማት፣ ቀጥሎም አስመለሳት። «ትወናሽን ለቲያትር ቤት አድርጊው» ብሎ ተጨማሪ ዙር ቀጣት። ስትመለስ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች እኔን «እማዬ፣ በሩን ክፈቺልኝ» አለችኝና ወደቀች። ገላዋ እንደ ፍም ያቃጥል ነበር። አሰልጣኙ ሌሎቹን «ዝለሏትና እለፉ!» አላቸው፤ ዘለሏት። እኔ ወደ ጥላ ጎተትኳት፤ የወጥ ቤቷ ሴትዮም በረዶ ይዛ ሮጣ ደረሰች። ግን ረፍዶ ነበር። ሐኪም ቤት ስናደርሳት ሐኪሙ «ገና ራሷን ሲያማት አሳርፋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትነክሯት ትተርፍ ነበር። አዲስ ልጅ ሙቀትን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው» አለን። ሳይመሽ አረፈች።

አባቷ በማግስቱ መጡ። አሰልጣኙ «የልብ በሽታ እንዳለባት ለምን ደበቃችሁን?» ብሎ ተቆጣቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቁት። እሳቸው ይቅርታ ጠያቂ ሆኑ፣ እማዬ! አላስችል ቢለኝ እስከ በሩ ተከትዬ እውነቱን ነገርኳቸው። «ውሃ ለምና ነበር?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ሜዳው ዳር ውሃ በበርሜል ሞልቶ ተቀምጧል፤ ልምምዱም ወደ ማለዳ ተዛውሯል። እኔ ግን ምላስሽ ረዝሟል ተብዬ ተባርሬአለሁ። መኪና እንዳገኘሁ እመጣለሁ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። አክስቴን ናፍቀሻታል በያት፤ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውንም ሰላም በይልኝ። ታናሼ አትሄድም ስትዪው ያኮርፋል። ያኩርፍ፣ እማዬ። የሚያኮርፍ ልጅ በሕይወት ያለ ልጅ ነው።

ልጅሽ

ከሯጮች ማደሪያ፣ ግንቦት 9 ቀን