ክፍሉን በአሮጌ ስሙ የሚጠራው ማሽን

ለመላው ቤተሰብ፣ ለወዳጅ ለጎረቤት! ታሞ የሰነበተው ኮምፒውተራችን ዛሬ ጠዋት ከተኛበት መነሳቱን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። ማጨብጨብ ይፈቀዳል።

ይድረስ ለልጄ ልጅ፣ ለዚያች ምላሳም። እንዴት ነሽ? ጉሮሮሽ ተሻለሽ? እናትሽስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

አትነካካ ያልሽኝን ነካካሁ። ዲስኩን ስታዘጋጂልኝ በሁለት ክፍል፣ እናንተ ሰብቮሊዩም በምትሉት፣ ከፍለሽ አንዱን ለሲስተሙ፣ ሌላውን ለእኔና ለአያትሽ ፋይሎች ሰጥተሽ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ እጄ ሥራ ፈቷል። የሲስተሙን ክፍል ስም ቀየርኩና «ሽማግሌው» አልኩት። ማሽኑ ሲበራ ሲስተሙን የሚቀሰቅሰው ቡትሎደር ግን ማን ነግሮት! በአሮጌው ስም ተጣርቶ ተጣርቶ፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ እንዲህ የሚባል ክፍል የለም ብሎ ቁጭ አለ። አልፈረድኩበትም። እኔም ጠዋት ጠዋት ወደ ጓዳ እጣራለሁ።

ጎረቤታችን ጠጋኙ ካቻቢቴውን ይዞ መጣ። ያለበትን ሁሉ አጥፍተን ፎርማት እናድርገውና ይገላገሉ፣ አሮጌ ነው አለኝ። እንግዲያው ከእኔ ጀምር አልኩት። ሳቀ። አያትሽ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ለእኔ የቀዳችው ድምፅ ውስጡ እንዳለ፣ ሌላ ቅጂም እንደሌለው ስነግረው መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ።

ስሙን መመለስ አይቀልም ነበር ወይ ትያለሽ። እልኸኛ መሆኔን እያወቅሽ! በፍላሽ አስነስቼ፣ ቡትሎደሩ የሚያነበው መስመር ላይ አዲሱን ስም ጻፍኩለት። ተነሳና መልሶ ወደቀ። ለካ ሲስተሙ ራሱ ክፍሎቹን ሲከፍት የሚያየው ሌላ ፋይል ውስጥ አሮጌው ስም ቀርቷል። እሱንም አረምኩት፤ ተነሳ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ሄጄ ሰሃን አጠብኩ። ተመልሼ ድምፅዋን ከፈትኩት፤ «አንተ ዝንጉ፣ መድኃኒትህን ውጠሃል?» ትላለች። ሳቅሁ።

እጅሽ ይባረክ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ ምላስሽ ትንሽ ይጠር።

እልኸኛው አያትሽ

ከማሸጌ በፊት፦ ከጻፍኩልሽ አንዱ ፈጠራ ነው። ማሽኑ እውነት ተነስቷል፤ የድምፅዋ ፋይልም አለ፣ የእሱን ስም አልነካሁትም። ምን እንደምትል ግን አላውቅም፤ አልከፈትኩትም። ስትመጪ አንቺ ትከፍቺዋለሽ።