ፈንታና እጅ የሚበላው ጠርሙስ

እሑድ፣ ማርች 2

ዛሬም መለጠፍ። አድ ሃሎም ሰፈር ባለው መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የጽዳት ዕቃ ማገላበጥ፣ የጠርሙሱን አሮጌ ተለጣፊ ወረቀት፣ መድበቃውን፣ መላጥ፣ አዲሱን መለጠፍ... ያ ብርቱካናማው የአደጋ ምልክት፣ አራት ማዕዘኑ፣ ቀረ። አሁን ነጭ ነው፣ ዙሪያው ቀይ፣ በጥጉ የቆመ። አለቃችን ኤስቲ ሰብስባ አስረዳችን። ሕጉ ተለውጧል፤ ለአንዳንዱ ዕቃ ሥዕሉ ብቻ ሳይሆን ደረጃውም። ቧንቧ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ የሚያነሳው ፈሳሽ ድሮ "ያሳክካል" ነበር የሚባለው። አሁን "ሥጋ ይበላል" ሆኗል። ሥዕሉም የተቦረቦረ እጅ።

"ውስጡን ቀየሩት እንዴ?" አልኳት።

"ውስጡ ያው ነው። አሁን ነው የገባን።"

ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። ፈንታ ሳቀ። "እኛንስ ያኔ ወደ እስራኤል ሲያመጡን አዲስ ስም ለጥፈውብን የለ? ምን ተለወጥን?"

ይህ ሰው ሲሳሳት እንኳ መልስ ያሳጣል።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

የፋሲካችን፣ የፔሳሕ፣ ጽዳት ተጀመረ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መታጠቢያ ቤቱ የፈንታ ግዛት ነው፤ እኔ ድርሽ አልልም። ኤኮኖሚካ የሚሉትን በረኪና ትንሽ፣ የድንጋይ ማስለቀቂያውን ትንሽ፣ ባልዲ ላይ... "መድኃኒቴ" ይለዋል። ካላሳለው አልጸዳም ባይ ነው።

"አይቀላቀልም ይላል፤ አንብበው" ብዬ ጠርሙሱን ሰጠሁት። ራቅ አደረገው። ቀረብ አደረገው።

"የታወቀ ነገር ነው" ብሎ መለሰልኝ።

እናቱ እማማ ንግሥቴ ሥዕሉን አይተው፣ "ይህ እጅ ምን ሆኖ ነው?" አሉ።

"ፈሳሹ በልቶት ነው፣ እማማ። አንቱ ይንገሩት እስቲ፤ እኔን አይሰማም።"

"እኔንስ መቼ ሰምቶ። እጁ ሲያልቅ ይሰማል።"

እሑድ፣ ማርች 23

የዓርቡን ሰንበት ስለገባ አልጻፍኩም።

ከሥራ ስመለስ ፈንታ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ፍም መስሏል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። ጎረቤታችን ጋሊያ ፊቱን በውሃ ታጥበዋለች። ነፋስ ነው ብሎ መስኮቱን ዘግቶ ቀላቅሎ... አምቡላንስ። ሆስፒታል። ኦክስጅን። ሐኪሟ ምን ከምን እንደቀላቀለ ስትጠይቀው፣ "ሁልጊዜ የማደርገውን" አለ። እኔ ተናገርኩ።

ብቻችንን ስንሆን እጁን ያዝኩት። ቢሞትብኝስ ኖሮ?

"አንብበው ብዬህ አልነበር?"

ጭምብሉን ከፍ አደረገ። "ፊደሉ ደቃቅ ነው።"

"መነጽርህን..."

"አገሬ" ብሎ በስሜ ጠራኝ። "ትልቅም ቢሆን።"

ይህን ሁሉ ዘመን... የጤና መድኑን፣ የኩፓት ሆሊሙን፣ ደብዳቤ፣ የማዘጋጃ ቤቱን፣ ሁሉን "የታወቀ ነገር ነው" እያለ ወደ እኔ ሲገፋ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ኡልፓን ትምህርት ቤት ገብተህ ዕብራይስጥ ተማር ሲባል እሱ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከም ነበር። እኔ ነኝ የተማርኩት። በምኑም በምኑም እስቅበታለሁ፤ በዚህ ግን አልስቅም።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ቤት ገብቷል። ድምፁ ሻክሯል፣ ንዝንዙ ግን ደኅና ነው። ኤስቲን አስፈቅጄ የተበላሹ መድበቃዎች አመጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። እሳቱ ገባው። የሞተው ዓሣም ገባው።

"ይሄኛውስ፣ ደረቱ ላይ ኮከብ ያለው? ጄኔራል ነው?"

"ውስጡ የተጎዳ ሰው ነው። ሳንባው፣ ምኑ..."

ደረቱን ዳሰስ አደረገ። ከዚያ፣ "ሌላ አምጪ" አለኝ።

ዓርብ፣ አፕሪል 4

አበሳዬን አየሁ። የፈንታ ሳል ቆመ፣ ፍተሻው ጀመረ። ጋሊያ ቤት ገብቶ ከማጠቢያው ሥር ያለውን ሁሉ አስወጣባት። የእኔን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከምድጃው አጠገብ አንስቶ በረንዳ ላይ አሰረው። እማማ፣ "ደኅናውን ልጄን ፖሊስ አደረግሽብኝ" ይሉኛል።

ጠዋት አብረን ሱፐር ሄድን። የጽዳት ዕቃው ፊት ቆመ። አንዱን ጠርሙስ አነሳ። እንደ ድሮው "እንቺ" ይለኛል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም። አዞረው፣ ሥዕሉን አገኘ፣ ጣቱን አስደገፈበት።

"ይሄ እጅ ይበላል" ብሎ መለሰው። ሌላ አነሳ። አዞረ፣ ፈለገ፣ ቀይ ነገር አጣበት። "ይሄ ይሁን።"

የዘረጋሁትን እጄን ምን ላድርገው? ጋሪውን ያዝኩበት።